ወንድሜ ከተመለሰ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ አሁንም ፊቱን ወደ በር አዙሮ ነው የሚቀመጠው

#1 የቀበሌ 14ቷ | ሐምሌ 6፣ ማታ 4:10

ሰላም ናችሁ። እዚህ ከማንበብ ውጪ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ታላቅ ወንድሜ ለሰሜኑ ጦርነት ዘምቶ በ2015 ነው ባሕር ዳር የተመለሰው። አካሉ ሙሉ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም ሳይሆን መጣላችሁ» ይለናል፤ እናቴም አሜን ትላለች። እኔ አሜን ማለት ይከብደኛል። ሌሊት አይተኛም። ሲተኛም አልጋውን ትቶ መሬት ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ ነው። የባጃጅ ጭስ ማውጫ ጧ ሲል ጠረጴዛ ስር ይገባል፤ ከዚያ ተነሥቶ ማንም እንዳላየው ሱሪውን ያራግፋል። ምግብ ቤት ከገባን ፊቱ ወደ በር ካልሆነ አይበላም። ድሮ ሰርግ ላይ እስክስታ የሚያስጀምረው እሱ ነበር። ባለፈው የአክስታችን ልጅ ሰርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ጠፋ፤ በማግስቱ ሰባታሚት አካባቢ አገኘነው።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ሲጮህ ሰምቼ ገባሁና ትከሻውን ነካሁት። እጄን ጠምዝዞ መሬት ላይ ጣለኝ። ነቅቶ እኔ መሆኔን ሲያይ ያለቀሰውን ለቅሶ አልረሳውም። እጄ አብጦ ነበር፣ ለእናቴ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልኳት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን አያየኝም።

ጫት ጀምሯል። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ አረቄ። ምን ላድርግ? እባካችሁ ስድብ አይሁን።

#2 ጎጃም በረንዳ | ሐምሌ 6፣ ማታ 4:31

ሚስት ዳሩለት። ትዳር ልብ ያስገዛል። አጎቴ ከደርግ ጦር ሲመለስ እንዲሁ ነበር፤ ባገባ በዓመቱ ለቀቀው።

#3 ባጃጅ 3 | ሐምሌ 6፣ ማታ 4:40

ለቀቀው ወይስ ሚስቱ ላይ ወረደ? አክስትህን ጠይቀሃታል?

#4 ጎጃም በረንዳ | ሐምሌ 6፣ ማታ 5:02

አልጠየቅኋትም።

#5 ቆሎ ተማሪ | ሐምሌ 7፣ ጠዋት 1:15

እህቴ፣ ጸበል ይግባ። ከጫቱና ከአረቄው ይራቅና ሰባት ቀን አጥብቆ ይጠመቅ። ይህ ውጊያ የመንፈስ ነው፣ በክኒን አይመለስም።

#6 ነጭ ጋውን | ሐምሌ 7፣ ጠዋት 3:20

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። የምሠራበትን ቤት አልጠቅስም፤ ወንድምሽንም ሳላይ ምርመራ አልሰጥም። ግን የጻፍሽውን የመሰለ ታሪክ በሳምንት ስንቴ እንደምሰማ ብትሰሚ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ታውቂያለሽ።

ሕክምናው ፒቲኤስዲ ይለዋል፤ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ማለት ነው። ስሙ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የቬትናም ተመላሾች ብዙ ከጮሁ በኋላ። ሕመሙ ግን ከስሙ ይቀድማል። የምናየው አራት ነገር ነው። ያለፈው ነገር በቅዠትም በቀንም እንደ አዲስ ይመጣል። ሰውየው የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፦ ሰርግ፣ ገበያ፣ ጓደኛ። ስለራሱና ስለ ዓለም ያለው ሐሳብ ይጨልማል፤ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፣ ደስታ አይሰማውም። ሰውነቱ ደግሞ ዘብ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ መደንገጡም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ በር በሩን ማየቱም ከዚህ ነው። ከወር በላይ ሲቆይና ኑሮን ሲያናጋ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ይታከማል። ገጠመኙን ቀስ በቀስ፣ በሠለጠነ ሰው ፊት እየነኩ የሚሠራ የንግግር ሕክምና አለ። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ እነዚህ በቀን በሁለት ቀን አይደሉም፣ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ከመድኃኒት ቤት በወሬ ዲያዜፓም እየገዛችሁ እንዳትሰጡት። ያደነዝዘዋል፣ ይለምደዋል፣ ሕመሙን ግን አያክመውም።

ስለ ጫቱ። የተመረቀነ ሰው እንቅልፍ ስለሌለው ጨብሲ ይፈልጋል፤ አረቄው ያስተኛዋል፣ ግን እንቅልፉን ሰባብሮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቅዠቱ መሐል ይጥለዋል። ጠዋት ደክሞት እንደገና ጫት። ስትገስጪው ይህን አስቢ፤ እየባለገ አይደለም፣ ራሱን በራሱ እያከመ ነው፣ በተሳሳተ መድኃኒት።

ቆሎ ተማሪ፣ ጸበልን አልቃወምም፤ ብዙ ታካሚዎቼ ሁለቱንም ይዘዋል። «በክኒን አይመለስም» ብለህ ግን መድኃኒት የሚያስጥል ምክር አትስጥ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በቀጥታ መልሺልኝ፦ ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?

#7 የቀበሌ 14ቷ | ሐምሌ 7፣ ቀን 6:05

የአባቴ ምንሽር ቁም ሳጥን ላይ አለ። ጥይትም አለው መሰለኝ። ለምን?

#8 ነጭ ጋውን | ሐምሌ 7፣ ቀን 6:18

ምንሽሩ ዛሬ አጎት ቤት ይሂድ። ነገ አትበይ። ወንድምሽንም «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ሰው ያስገባበታል ብሎ ይፈራል፣ እውነት ግን አይደለም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

#9 የዓሣ አስጋሪ ልጅ | ሐምሌ 8፣ ጠዋት 2:45

አካውንቱ የኔ ነው፣ የሚናገረው ግን አባቴ ነው። እሱ መረብ እየሠፋ ነው፣ እኔ ስልኬን ይዤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ያለውን እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ «ይህን ተዪው» ስላለኝ ትቼዋለሁ።

«ልጄ፣ እጅሽ ዳነ ወይ? መጀመሪያ እሱን ልጠይቅ።

እኔ በ1990 ነው የተመለመልኩት፣ በ19 ዓመቴ። በየካቲት 1991 ዘመቻ ፀሐይ ግባት ጊዜ ባድመ ነበርኩ። በግንቦት 1992ም ነበርኩ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። አስር አለቃ ሆኜ ተቀነስኩና ባሕር ዳር ገባሁ።

ሚስት ዳሩለት ያልከው ወንድሜ፣ እኔን ድረውኛል። አንድ ሌሊት ስነቃ እጄ ባለቤቴ አንገት ላይ ነበር። ይህቺ አሁን የምትጽፈው ልጅ የአራት ወር ሕፃን ሆና አጠገባችን ተኝታለች። ባለቤቴ አልጮኸችም። ሲነጋ ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ሄደች፤ ሁለት ዓመት አለፈ ሳትመለስ። ልክ ነበረች።

ሥራ አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር መረብ የሚያወጡበት ቦታ እሄዳለሁ። ዓሣ ልገዛ አይደለም። ጀርባዬን ለግንቡ፣ ፊቴን ለውሃው ሰጥቼ ስቀመጥ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ነው። እዚያ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የደርግ ወታደር የነበሩ ናቸው፤ የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ ነበሩ። የኔን ጦር የሠራው መንግሥት የሳቸውን ጦር የበተነ ነው። ይህን ነገር አንድ ቀን ሳናነሣው ሞቱ።

ብዙ ጊዜ አላናገሩኝም። ከኔ ሁለት ክንድ ርቀው ተቀምጠው መረባቸውን ይሠፋሉ። አንድ ቀን ጫፉን ወረወሩልኝና «ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩ። በማግስቱም «ያዝልኝ»። አንድ ወር ሙሉ የተነጋገርነው ይኸው ነው። ለካ ያዥ አያስፈልጋቸውም ኖሯል፤ ሰው በሌለ ጊዜ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ብቻቸውን ነው የሚጨርሱት። ይህን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን አርፍጄ ስደርስ።

አንድ ጠዋት ጎማ ፈነዳ። ጀልባ ስር ገባሁ። እዚያ የነበሩ ልጆች ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም፣ አይዞህም አላሉኝም። ጎንበስ ብለው «ዘብ! ሪፖርት!» አሉኝ። አፌ ሳላዘው መለሰ። ፊት ለፊት ውሃ፣ ሦስት ታንኳ፣ እንጨት የጫኑ። በቀኝ ዋርካ። በግራ አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች። «ጠላት?» የለም። «ሰዓት?» አንድ ከሩብ። ስናገር ልቤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ሲመጣብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። ዘንድሮም አንዴ መጥቶብኛል፣ ገበያ መሐል፣ አልደብቅሽም።

ሐኪም ቤትም እሳቸው ናቸው የወሰዱኝ። እምቢ ስል ያሉኝን ልንገርሽ፦ «እኔ አልሄድኩም። ልጆቼ አያናግሩኝም።» ሌላ አልጨመሩም። ክኒኑ መጀመሪያ ሆዴን አመመኝ፣ ልተወው ነበር። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ሳልነቃ አነጋሁ። ተነሥቼ ሞቼ ነው ወይ ብዬ ራሴን ነካካሁ።

አሁን ላንቺ። ስትቀሰቅሺው አትንኪው። በሩ ላይ ቆመሽ ስሙን ጥሪ፣ ያንቺንም ስም ተናገሪ፣ መብራት አብሪ። የግድ መንካት ካለብሽ የእግሩን ጣት በብርድ ልብሱ ላይ። ትከሻና ደረት በፍጹም። ምግብ ቤት ስትገቡ በር የሚታይበትን ወንበር አንቺ ቀድመሽ ተዪለት፤ አትሳቂ፣ አትንገሪውም። ስንት ሰው ገደልክ ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ከመጣ ውጣ በሉት። ቡናውን ጠዋት አፍሉት፤ በረካው እስከ ማታ አይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን እጄ ድኗል በዪው። አሳዪው። ሰውየው የሚያስበው ስለ ጦርነቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ እጅሽ ነው።

ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መረብ እንሠፋለን። ሰባት ስምንት ሰው ነን፣ ወታደር ብቻ አይደለንም። ቤቷ የተቃጠለባት ተፈናቃይ እናት አለች፣ ከመኪና አደጋ ብቻውን የተረፈ የአይሱዙ ረዳት አለ። ማንም አይናገርም ማለት አይደለም፣ ተናገር የሚል ግን የለም። ለሠፋ ሰው ባለ መረቦቹ ትንሽ ይከፍላሉ። ሻይ እኔ ነኝ የምከፍለው። ይምጣ። ባይመጣም አትጎትቺው።»

(አባቴ ይህን ሁሉ ሲናገር መርፌው አንዴ አልቆመም። ስለ አንገቷ የተናገረውን ከዛሬ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ልጽፈው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ «እሱንማ ጻፊው» አለኝ። እናቴንም ጠየቅኋት፤ «አንድ ወር ጨምሯል፣ ገና ሦስት ወርሽ ነበር» አለች።)

#10 ባጃጅ 3 | ሐምሌ 8፣ ጠዋት 4:00

ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ተሳፋሪ አመለጠኝ። እህቴ፣ ሐሙስ ጠዋት ማድረሻ ከፈለጋችሁ በነጻ ነኝ። ጭስ ማውጫውንም አሠራዋለሁ።

#11 ገዛኸኝ አይደለሁም | ሐምሌ 8፣ ቀን 7:12

የአስር አለቃን ስልክ ላኩልኝ፣ አስቸኳይ ነው።

#12 አወያይ | ሐምሌ 8፣ ቀን 7:30

ስልክ ቁጥር እዚህ አይለጠፍም፣ የጠየቀው ሰው በውስጥ ይጻፍልኝ። ሁለት መልእክቶች ፖለቲካ ስለሆኑ ተነሥተዋል። የየትኛው ጦር ወታደር እንደነበረ የሚከራከር ሌላ ክር ይክፈት።

#13 አንድ እግር | ሐምሌ 9፣ ማታ 2:25

አስር አለቃ፣ ከልቤ አከብርሃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል፣ ዛሬ እተነፍሰዋለሁ።

ግራ እግሬን የተውኩት ጾረና ነው፣ መጋቢት 1991። ከዚያ ወዲህ የማገኘው ሰው ሁሉ ከመከራዬ አንድ ትምህርት እንዳወጣለት ይፈልጋል። ሰባኪው «ወርቅ በእሳት ይፈተናል» ይለኛል። በበዓል ቀን መድረክ ላይ የሚያወጣኝ ሰው «ጽናት» ይለኛል፤ ስወርድ ደረጃው ላይ እጄን የሚይዝ የለም። አሁን ደግሞ ከሥቃይ በኋላ ማደግ የሚል ነገር መጥቷል፣ ሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ። እኔ አላደግሁም። ከእግሬ በፊት የተሻልኩ ሰው ነበርኩ። ታጋሽ ነበርኩ፣ እዘፍን ነበር። ያላደገ ሰው ምን ይሁን? በዚህም ይውደቅ?

#14 ነጭ ጋውን | ሐምሌ 10፣ ጠዋት 3:05

አንድ እግር፣ ሥልጠናው ላይ የነገሩህ ሰዎች ግማሹን ትተውታል።

ሐሳቡን በዚህ ስም ያወጡት ሪቻርድ ቴደስኪና ሎውረንስ ካልሁን የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና መምህራን ናቸው፣ አሜሪካ ሻርሎት ከተማ ባለው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ። በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 21 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አሳተሙ። ሰዎች ተለወጠ የሚሉትን በአምስት ከፍለው አዩት፦ ከሰው ጋር ያለ ቅርበት፣ አዲስ የሕይወት መንገድ፣ የራስ ብርታት፣ መንፈሳዊ ለውጥ፣ ለኑሮ የሚሰጥ ዋጋ። ራሳቸው ግን መከራው ያሳድጋል አላሉም። ለውጡ የሚመጣው ከመከራው በኋላ ካለው ትግል ነው፤ ሕመሙም ሳይጠፋ አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ሁሉም ሰው ላይም አይመጣም። ለታካሚ የሚሰጥ የቤት ሥራ አይደለም። መጠይቁም ቢሆን ትችት አለበት፦ ሰው ስለራሱ የሚያስበውን ይነግርሃል እንጂ በእርግጥ ተለውጦ እንደሆነ አያሳይህም።

ስለዚህ አንተ አልወደቅህም። ለመድረክ የጠሩህ ሰዎች ናቸው የወደቁት። (ይህ የነርስነቴ አስተያየት አይደለም።)

በነገራችን ላይ ሽማግሌው «ዘብ፣ ሪፖርት» ያሉት እኛ ክፍል ውስጥ በሌላ ቃል የምናስተምረው ነው፤ የታመመውን ሰው የሚያየውንና የሚሰማውን እያስቆጠሩ ወደ አሁን መመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ሦስት ሥራ ነው ያለው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሽማግሌው መመሪያው ሳይወጣ ነው ሦስቱንም የሠሩት።

#15 ቨርጂኒያ ነኝ | ሐምሌ 10፣ ማታ 5:50

እኔ ካለሁበት ብዙም ሳይርቅ፣ ብሉሞንት የምትባል የገጠር መንደር አጠገብ፣ በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተ ቦልደር ክረስት የሚባል የተመላሽ ወታደሮች ማረፊያ አለ። የመሠረተው ኬን ፎልኪ የሚባል ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል ፈንጂ አምካኝ ነው። ነጭ ጋውን የጠቀስሻቸው ቴደስኪም አብረዋቸው ሠርተዋል። ትኩረቴን የሳበው አሠልጣኞቹ ራሳቸው ተመላሽ ወታደሮች መሆናቸው ነው። አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ሄዶ ነበር፤ ምን አደረጋችሁ ስለው «ከሁሉ የጠቀመኝ ከኔ በፊት የወደቀ ሰው ማየቴ ነው» አለኝ። ግዙፍ ገንዘብ ያለው ቦታ ነው። አባባ ደግሞ በሻይ ሒሳብ ይሠሩታል። ለሻዩ የማዋጣበት መንገድ ካለ ንገሩኝ።

#16 የዓሣ አስጋሪ ልጅ | ሐምሌ 11፣ ጠዋት 2:30

አባቴ፦

«ቨርጂኒያ ያለኸው ልጄ፣ ገንዘብ አትላክ፤ ገንዘብ ከመጣ ኮሚቴ ይመጣል። አገር ቤት ስትገባ መጥተህ ሻይ ጠጣ።

አንድ እግር፣ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ባድመ ምንም አላስተማረኝም። የተማርኩት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። ድሮ ሰው ሲያለቅስ ተነሥቼ እሄድ ነበር፤ አሁን አልሄድም። ያገኘሁት ይኸው ነው። መልሰህ ስጥና ያ የ19 ዓመት ልጅ ይመለስልህ ቢሉኝ ዛሬውኑ እሰጥ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡትም አደጉ አላደጉ ብዬ ለክቼ አላውቅም። አንዱ አራት ዓመት መጥቶ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ዝም ነው። ግን ይመጣል፣ ቋጠሮውም ከሁላችን ይጠብቃል።

አንተም ና። መረብ ለመስፋት እግር አይጠይቅም። መወጠሪያ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

#17 አንድ እግር | ሐምሌ 11፣ ቀን 6:40

የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አለኝ፣ አንተ ባለጌ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

#18 ቆሎ ተማሪ | ሐምሌ 12፣ ጠዋት 1:00

መምህሬን ጠየቅኋቸው። «ጸበል የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን ጣል ያለህ ማነው?» ብለው ተቆጡኝ። ይቅርታ፣ #5 ላይ ያልኩትን አንሥቻለሁ።

#19 የቀበሌ 14ቷ | ነሐሴ 20፣ ማታ 3:15

ጠፍቼ የነበረው ስልኬ ተበላሽቶ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ጥሩ አይደለም።

ምንሽሩ አጎቴ ቤት ነው። እናቴ «የባሌን ጠመንጃ ከቤት አላስወጣም» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በመጨረሻ የነርሷን ጽሑፍ አነበብኩላት፤ ራስን ማጥፋት የሚለው ላይ ስደርስ «በቃ፣ ውሰጂው» አለች። እሱንም ጠየቅሁት፣ እንዳላችሁኝ፣ በቀጥታ። ብዙ ዝም አለ። «አስቤ አውቃለሁ፣ አሁን ግን አይደለም» አለኝ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄድን። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቆ ነበር፣ ተራው ሳይደርስ ወጥቶ ጠፋ። ነጭ ጋውን በውስጥ መስመር ጠዋት ሲከፈት የመጀመሪያ ሁኑ፣ ከበሩ አጠገብ ቁሙ ብላኝ በሌላ ቀን ተመለስን፤ ታየ። መድኃኒት ጀምሯል፣ አራተኛ ሳምንቱ ነው። ገና ብዙ ለውጥ አላየሁም። ጫቱን አልተወም፣ ቀንሷል። ባለፈው እሑድ ሳህን ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰብሯል።

እጄን አሳየሁት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጣጥፌ ዘረጋሁለት። ምንም አላለም፤ ማታ ግን ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን በላ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ባጃጅ 3 አደረሰን። (አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ጭስ ማውጫው እውነትም ድምፁ ጠፍቷል።) ወንድሜ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ከሩቅ አያቸው አያቸውና «እንመለስ» አለ። ተመለስን። ሁለተኛው ሐሙስ ግንቡ ላይ ተቀመጠ። አስር አለቃ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ እውነቱን ለመናገር ከፋኝ፣ እንዴት ሰላም አይሉትም ብዬ። ሦስተኛውን እኔ አልሄድኩም፣ ብቻውን ሄደ። ሦስት ቀረሶ በስንጥቅ ደንገል አንጠልጥሎ መጣ። እናቴ ዓሣውን እያጠበች ስታለቅስ ነበር፣ ሽንኩርቱ ነው ትላለች፣ ሽንኩርት ገና አልተከተፈም።

እዚያ ምን እንደሚያወሩ አልነገረኝም። አንድ ቀን ብቻ «አንድ እግር የሌለው ሰውዬ አለ፣ ይዘፍናል» አለኝ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። እኛ ሰፈር ርችቱ እስከ እኩለ ሌሊት አያባራም። አምና አልጋ ስር ነው ያደረው።

#20 አንድ እግር | ነሐሴ 20፣ ማታ 3:40

እዘፍናለሁ ማለት ያጋነነ ነው። አንጎራጉራለሁ።

#21 የዓሣ አስጋሪ ልጅ | ነሐሴ 21፣ ጠዋት 2:10

አባቴ፦ «ሰላም ያላልኩት አይቶኝ እንዲለምደኝ ነው፣ ልጄ፤ ቅር አይበልሽ። ጳጉሜን 5 ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ጀልባ ይዘን ዘጌ እንሻገራለን። እኛ በየዓመቱ የምናድረው እዚያ ነው፤ ቡናው ጫካ ውስጥ የከተማው ርችት አይሰማም። ሲነጋ እንቁጣጣሽን ከዚያው እናከብርና ከቀትር በፊት እንመለሳለን። ለሐኪሙ ይንገር፣ ክኒኑን ይያዝ፣ ጫትና አረቄ ጀልባዋ ላይ አይወጣም። አስቀድመሽ ንገሪው፤ ድንገት አትበዪው። እምቢ ካለ ደግሞ እምቢ ነው፣ ያኔ መስኮቱን ዘግተሽ ሬዲዮ ክፈቺለት፣ አጠገቡም ቁጭ በዪ።»

#22 የቀበሌ 14ቷ | ነሐሴ 21፣ ማታ 2:30

ነገርኩት። አልመለሰልኝም፣ ግን እምቢም አላለም። ዘጌ ሌሊት ይበርዳል? ሹራብ ይበቃዋል ወይስ ጋቢ ልስጠው?

#23 የዓሣ አስጋሪ ልጅ | ነሐሴ 21፣ ማታ 2:44

ጋቢ ይሻላል ብሏል አባቴ። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ጫማውም ውሃ የማያስገባ ይሁን። እናትሽ ድፎ ዳቦ እንዳትልክ፣ አምና ሁሉም እናት ልኮ ጀልባዋ ልትሰጥም ነበር።

#24 አዲስ አባል | ነሐሴ 22፣ ሌሊት 9:05

ጋቢ አለኝ።